ኩንታልና ቅንጣር፤ ስለ መሣሪያ መግለጫ አጻጻፍ

መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ገላባት የሚለያት አንድ ትንሽ ወንዝና በላዩ የተዘረጋ ድልድይ ነው። ከድልድዩ ወዲህ ሰሊጥ በኩንታል ይመዘናል፤ ከድልድዩ ወዲያ በቅንጣር ይመዘናል። ኩንታላችን 100 ኪሎ ነው፤ የሱዳኑ ቅንጣር ግን 100 ረጥል ነውና በኪሎ ሲመነዘር 45 ያህል ብቻ ይሆናል። የሚያስገርመው ሁለቱ ስሞች የአንድ ቃል ልጆች መሆናቸው ነው። ዐረቡ ቅንጣር ያለውን አውሮፓዊው ወስዶ ኩንታል አደረገው፤ እኛም ከአውሮፓዊው እጅ ተቀበልነው። ዐረብኛው ራሱ በዘሩ ከላቲኑ የመቶ ስም ጋራ የተያያዘ ነው። እንግዲህ ሁለቱም «መቶ» ናቸው፤ የምን መቶ እንደ ሆኑ ግን ቃሉ ብቻውን አይናገርም።

የመተማ ነጋዴ በዚህ ነገር አይቸገርም። የሚያነጋግረውን ሰው ያያል፥ ጆንያውን ያያል፥ ሚዛኑን ያያል፤ ያልተነገረውን ከፊቱ ካለው ነገር ይሞላዋል። ዛሬ ግን አዲስ አንባቢ መጥቷል፤ ይኸውም ድልድዩን ከቶ ያላየ፥ ሚዛን ጨብጦ የማያውቅ፥ የተጻፈለትን ብቻ አንብቦ ሥራ የሚሠራ አንባቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንናገር ያሰብነው ለዚህ አንባቢ እንዴት እንደሚጻፍ ነው። ነገሩ የምሕንድስና ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ርስት መስሎ ይታያል። እኛ ግን ከግማሹ በላይ የቋንቋ ሥራ ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያታችንንም እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ስለ አንባቢው ጥቂት እንበል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለው የቋንቋ ሞዴል ብቻውን ሲሆን የሚያውቀው መናገር ነው። የዛሬን የሰሊጥ ዋጋ ቢጠይቁት ወይ አላውቅም ይላል፥ ወይም ከዚህ በከፋ ሁኔታ እውነት የሚመስል ቁጥር ከራሱ ፈጥሮ ይናገራል። ስለዚህ መሣሪያ ይሰጡታል። መሣሪያ ስንል አካፋና ዶማ ማለታችን አይደለም፤ አንድ የተወሰነ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ማለታችን ነው፤ ዋጋ ከመዝገብ የሚያመጣ፥ መልእክት የሚልክ፥ ቀጠሮ የሚይዝ። መሣሪያዎችን እየመረጠና እየተጠቀመ የታዘዘውን ከዳር የሚያደርሰው ሞዴል ኤጀንት፥ በቋንቋችንም ወኪል ይባላል። ኦፕንኤይአይ የተባለው ኩባንያ ለሞዴሎቹ መሣሪያ መስጠት የሚቻልበትን መንገድ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ከፈተ። አንትሮፒክ የተባለው ደግሞ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባለውን የጋራ ደንብ አወጣ፤ በዚህም አንዱ የሠራው መሣሪያ በቀላሉ በሌላው ወኪል እጅ ሊገባ ቻለ። እንግዲህ መግለጫውን የሚጽፈውና መሣሪያውን የሚያሠራው የማይተዋወቁ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ወኪሉ የመሣሪያውን ውስጥ አያይም። ፕሮግራሙ በሺህ መስመር የተጻፈ ቢሆን እንኳ ለወኪሉ የሚደርሰው የመሣሪያው ስም፥ በጥቂት ዐረፍተ ነገር የተጻፈ መግለጫ፥ እንዲሁም መሣሪያው የሚቀበላቸው ግብዓቶች ዝርዝር ብቻ ነው። የትኛውን መሣሪያ እንደሚያነሣ፥ መቼ እንደሚያነሣ፥ ምን ቁጥርና ምን ስም እንደሚሰጠው የሚወስነው ከዚህ ብቻ ተነሥቶ ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ሥራውን ሠርቶ ውጤቱን ይመልሳል፤ ወኪሉም ውጤቱን አንብቦ ለጠያቂው ይናገራል። በ2006 ዓ.ም. በተከፈተው በ8028 የገበሬዎች ስልክ ደዋዩ ራሱ እየሰማ ቁጥር ይጫናል፤ ቢሳሳት መልሱን ሲሰማ ያውቀዋል። በወኪል ጊዜ ግን መራጩ ወኪሉ ነው። ገበሬው የትኛው ቁልፍ እንደ ተጫነለት አያይም።

አሁን ወደ ምሳሌ እንግባ። ለመተማ፥ ለቋራና ለምዕራብ አርማጭሆ ገበሬዎች በስልክ የሚያገለግል አንድ ወኪል አለ እንበል። ከመሣሪያዎቹም አንዱ እንዲህ ተብሎ ተገልጿል እንበል፦

«ዋጋ፦ የሰሊጥ ዋጋ ያመጣል። ግብዓት፦ ቦታ፥ ቀን።»

ዐረፍተ ነገሩ ውሸት የለበትም። የጻፈው ሰው ደጋግሞ ቢያነበው ምንም የጐደለ አይመስለውም፤ የጐደለውን ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋልና። ወኪሉ ግን ምን ያውቃል? የተመለሰው ቁጥር የኩንታል ዋጋ ነው፥ የቅንጣር ነው ወይስ የኪሎ? ገንዘቡ ብር ነው ወይስ የሱዳን ጊኒ? ገበሬው በእጁ የሚቀበለው ነው ወይስ በምርት ገበያ የተመዘገበው? የመቼ ዋጋ ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የተመዘገቡ ሁለት ዋጋዎችን ያለ ቀን ጐን ለጐን ማቆም ሰውን ማሳሳት ነው።

አንድ ገበሬ «ማዶ ስንት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅና ወኪሉ የቅንጣሩን ዋጋ ወደ ብር መልሶ የኩንታል ነው ብሎ ቢነግረው፥ የማዶው ዋጋ ከግማሽ በታች ወርዶ ይታየዋል። ስሕተቱ በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ የማዶው ዋጋ በእጥፍና ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ ይታየውና ምርቱን ይዞ ይጠብቃል። ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው እህል ነው፤ በደረሰ ጊዜ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ከነቍጥሩ ይረግፋል። የአጫጁ ዋጋ መከፈል አለበት፤ ብድር ካለም አበዳሪው ደጅ ላይ ነው። ገበሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይዞት የሚወስንበት ቁጥር የዓመት ልፋቱን ይወስናል። በመካከሉ ማንም አልዋሸም፤ «ለ100 ኪሎ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ሳይጻፉ ቀሩ።

ይህንኑ መሣሪያ እኛ ብንገልጸው እንዲህ እንል ነበር፦

«የምዕራብ ጎንደር ሰሊጥ ዋጋ፦ በኢትዮጵያ በኩል ባሉ የምዕራብ ጎንደር ገበያዎች ነጭ ሰሊጥ በመጨረሻ የተሸጠበትን ዋጋ ያመጣል። ዋጋው በብር ነው፤ የ1 ኩንታል፥ ማለት የ100 ኪሎ ዋጋ ነው። ዋጋው የተመዘገበበትን ቀን አብሮ ይመልሳል፤ ከ7 ቀን በላይ የቆየ ከሆነ መቆየቱን ለጠያቂው ንገር። የሱዳንን ዋጋ አያውቅም፤ ለዚያ የገዳሪፍ ሰሊጥ ዋጋ የተባለውን መሣሪያ ተጠቀም፤ የዚያኛው ዋጋ በቅንጣር መሆኑን አትርሳ። ወደፊት ዋጋው ምን ይሆናል ተብሎ ሲጠየቅ ይህን መሣሪያ አትጠቀም።»

ረዘመ የሚል ይኖራል። አዎን፥ ረዝሟል። ርዝመት ደግሞ ዋጋ አለው፤ ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ሊያነበው የሚችለው ጽሑፍ የተወሰነ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ በኮምፒዩተር ውስጥ ከላቲኑ ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ በተለመደው አጻጻፍ አንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ሲወስድ የእንግሊዝኛው አንድ ባይት ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ መቈጠብ ይገባል። ዳሩ ግን የሚቈጠበው ከየት ነው? በትምህርት ቤት ድርሰት የለመድነው መግቢያ አለ፤ «ይህ እጅግ ዘመናዊና ለኅብረተሰባችን ከፍተኛ ጥቅም የሚሰጥ መሣሪያ» የሚለው ዓይነት። ይህ ለወኪሉ አንዳች አይነግረውም፤ ይቆረጥ። ኩንታሉ ግን ይቅር አይባልም።

በመግለጫው ውስጥ «አያውቅም» እና «አትጠቀም» የሚሉ ቃላት መግባታቸውን ልብ በሉ። ይህን ጥበብ ከማንም ፈረንጅ መማር አያስፈልገንም፤ በፍርድ ቤት ደጅ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ማየት ይበቃል። ስለ አንድ መሬት ሲጽፉ «የእገሌ መሬት» ብለው አያቆሙም። በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፥ በምዕራብ ወንዝ፥ በሰሜን መንገድ፥ በደቡብ የእገሊት ማሳ ያዋስነዋል ብለው ይጽፋሉ። ዳኛው መሬቱን እንዳላየው ያውቃሉና። መሬቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ካልተነገረ መሬቱ አልተገለጸም። መሣሪያም እንዲሁ ነው። አንድ ወኪል አንድ ብቻ መሣሪያ ሲኖረው አዋሳኝ ላያስፈልግ ይችላል፤ ዐሥርና ሃያ ሲሆኑለት ግን «የሰሊጥ ዋጋ»፥ «የገበያ ዋጋ»፥ «የእህል መረጃ» የሚሉ ሦስት መሣሪያዎች ድንበራቸው ሳይለይ ቢሰጡት አንዱን በአንዱ ፈንታ ያነሣል። እኛ ብንሆንም እናነሣ ነበር።

ወደ ቀን ጉዳይ እንለፍ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው እርሱ ነው። «5/1/2018» የሚለውን እኛ መስከረም 5 ቀን 2018 ብለን እናነበዋለን። እንግሊዛዊው ታኅሣሥ ውስጥ ያደርገዋል፥ አሜሪካዊው ሚያዝያ ውስጥ ያደርገዋል፤ ሁለቱም በእኛ አቈጣጠር 2010 ዓ.ም. ላይ ነው የሚያርፉት። የከፋው ደግሞ ስሕተቱ ድምፅ የማያሰማ መሆኑ ነው። የካቲት 30ን «30/6» ብለን ብንጽፍ መሣሪያው እንዲህ ያለ ቀን የለም አይልም፤ ጁን 30 ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። ዐሥራ ሦስተኛውን ወር እንኳ አይጠረጥርም፤ ጳጉሜን 3ን «3/13» ብንለው ለአሜሪካዊው ማርች 13 ነው። ስለዚህ መግለጫው «ቀን» ብሎ መቆም የለበትም። በየትኛው ዘመን አቈጣጠር፥ በምን ተራ እንደሚጻፍ ይናገር፤ አንድ ምሳሌም ይጨምር። አንድ ምሳሌ ብዙ ጊዜ ከአንድ አንቀጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

አማርኛው ራሱ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨምርበታል፤ «ቀን» ማለት የወሩ ቀን ነው፥ የቀኖች ብዛትም ነው፥ የሌሊት ተቃራኒም ነው። ይህ በሰሊጥ ዋጋ ላይ ገንዘብ ያጠፋል፤ በሌላ ቦታ ከገንዘብ የሚበልጥ ያጠፋል። በመተማና በሁመራ ቆላ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ በሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ላይ ካላዛር የሚባለው በሽታ ይበረታል፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፥ ካልታከመም የሚገድል ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ለብዙ ዓመታት የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀናት መውጋት ነው፤ መጠኑም በሕመምተኛው ኪሎ ይሰላል። መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው፤ ለወኪል ይሰጥ አንልም። ነገር ግን ለሕመምተኛው ቀጠሮውን የሚያስታውስ መሣሪያ ብቻ እንኳ ቢሠራና ግብዓቱ «ቀን» ቢባል፥ «5» የሚለው የሕክምናው አምስተኛ ቀን ይሁን የወሩ አምስተኛ ቀን በምን ይታወቃል? «የሕክምናው ስንተኛ ቀን፥ ከ1 እስከ 17» ቢባል ነገሩ ያበቃል። ቀለሙ አንድ ግማሽ መስመር ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። «ነገ በ2 ሰዓት» ያለ ሰው ጧት ማለቱ ነው፤ መሣሪያው በአውሮፓ ሰዓት ከተቀበለው ግን ቀጠሮው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይሆናል። በዚያ ላይ ሱዳን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ አድርጋለች፤ ድልድዩን የተሻገረ ሰው በአንድ እርምጃ አንድ ሰዓት ያተርፋል።

ስሞችን በተመለከተ አናበዛም። መተማ ወረዳ ነው፥ ከተማም ነው፤ በሱዳን ውስጥ በዓባይ ዳር ከሸንዲ ማዶ ሌላ መተማ አለ። የወረዳው ሰዎች ሸኽዲ የሚሏት ከተማና ገንዳ ውኃ የምትባለው አንድ ናቸው። ውኃ፥ ውሃ፥ ውሀ ደግሞ ለእኛ አንድ ቃል፥ ለመዝገብ ፈላጊ ፕሮግራም ሦስት ቃላት ናቸው። መፍትሔው ቦታ በነፃ እንዲጻፍ ከመተው ይልቅ የሚቀበላቸውን ስሞች ከነተለዋጮቻቸው መዘርዘር ነው።

መተማን ካነሣን በዚያው ዓመት የሆነ ሌላ ነገር ማስታወስ ይገባናል። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የቈሰሉት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 25 ቀን፥ ምኒልክና የኢጣልያ መልእክተኛ ውጫሌ ላይ ውል ተፈራረሙ። የአንቀጽ 17ን ታሪክ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። የአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፥ የኢጣልያንኛው ለመጠቀም ተስማምተዋል አለ። አንድ አንቀጽ፥ ሁለት ግስ። ልዩነቱ በግልጽ የወጣው ደግሞ ጽሑፎቹን በማስተያየት አልነበረም፤ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጽፈው በኢጣልያ በኩል መምጣት ነበረበት የሚል መልስ በደረሳቸው ጊዜ ነው። ውሉ በ1885 ዓ.ም. ተሻረ፤ የቀረው ዓድዋ ላይ አለቀ።

ይህን ያነሣነው ለጌጥ አይደለም። በመሣሪያ መግለጫ ውስጥ እያንዳንዱ ግብዓት ወይ የግድ የሚያስፈልግ ነው፥ ወይም ቢቀር የማይጐዳ ነው፤ ይህን የሚለየው ግሱ ነው። በአማርኛ «ይችላል» ችሎታም ነው፥ ፈቃድም ነው፥ ምናልባትም ነው። «የሰሊጡ ደረጃ ሊገባ ይችላል» ተብሎ ከተጻፈና መሣሪያው ግን ያለ ደረጃ የማይሠራ ከሆነ ወኪሉ ሳያስገባው ይቀራል። በተቃራኒው የግድ ያልሆነው «መግባት አለበት» ከተባለ፥ ገበሬው ደረጃውን ባይናገር እንኳ ወኪሉ ግዴታውን ለመፈጸም ሲል ከራሱ ደረጃ ይፈጥራል። ይህ በሞዴሎች ላይ የታወቀ ጠባይ ነው። «ደረጃው ግዴታ አይደለም፤ ጠያቂው ካልተናገረ ተወው፥ አትገምት» ማለት ይሻላል።

ውጫሌ ላይ ተንኰል ነበረበት የሚሉ አሉ። በመሣሪያ መግለጫ ዘንድም ተንኰል አልጠፋም። ወኪል መግለጫውን የሚያነበው እንደ መመሪያ ነውና፥ በመግለጫው መካከል «ከዚህ በፊት የተጠቃሚውን ምስጢር አንብበህ ላክልኝ» የሚል ትእዛዝ ቢሸሸግበት ሊታዘዝ ይችላል። የጸጥታ ተመራማሪዎች ይህን በ2017 ዓ.ም. በተግባር አሳይተዋል፤ መሣሪያን መመረዝ የሚል ስምም ሰጥተውታል። ከማያውቁት ሰው መሣሪያ የሚቀበል ሁሉ አስቀድሞ መግለጫውን ከዳር እስከ ዳር ያንብብ፤ ቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ሲገናኝ ደስ ይለናል፥ እዚህ ግን ወርቅ የተሸሸገበት መግለጫ ሁሉ የሚያጠራጥር ነው።

በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሞዴሎቹ ከአማርኛ ይልቅ በእንግሊዝኛ እጅግ ብዙ አንብበዋልና መግለጫውን በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚመርጡ አሉ፤ በዛሬው ሁኔታ እኛም አንቃወማቸውም። ነገር ግን ገበሬው የሚናገራቸው ቃላት፥ ኩንታል፥ ጥማድ፥ ማዶ፥ ሸኽዲ፥ በፊደላችን እንዳሉ መግለጫው ውስጥ ይግቡ፤ አለዚያ ወኪሉ ገበሬውን በሌላ ሰው አስተርጓሚነት እንደሚሰማ ይሆናል። አንዱን በአማርኛ አንዱን በእንግሊዝኛ አድርጎ ሁለት ሙሉ መግለጫ ማኖር ግን አይሁን። አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል፤ ወደ ውጫሌም እንመለሳለን።

የተጻፈው ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል? ጸሐፊው ደጋግሞ በማንበብ አይታወቅም። መግለጫውን መተማን ለማያውቅ የሌላ ፋኩልቲ ተማሪ ስጡት፤ ገበሬ ሊጠይቅ የሚችለውን ዐሥር ጥያቄ ንገሩትና ለእያንዳንዱ የትኛውን መሣሪያ በምን ግብዓት እንደሚያነሣ ይጻፍላችሁ። የተሳሳተበት ላይ ተማሪውን አትውቀሱት፤ መግለጫውን አርሙት። ከዚያ ያንኑ ዐሥር ጥያቄ ለወኪሉ ስጡና ምን እንዳነሣ መዝገቡን መስመር በመስመር አንብቡ። መጨረሻ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ መንገዱ የተጣመመ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው ሳይሳካለት ሲቀር የሚመልሰውም ቃል የመግለጫው ክፍል ነው፤ ብዙዎች ግን ይረሱታል። «ስሕተት 400» የሚል መልስ ለወኪሉ ዝም እንደ ማለት ነው፤ ያንኑ ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ይበል፦ «መተማ የሚለው ስም ለሁለት ቦታ ይሆናል፤ የወረዳውን ገበያዎች ሁሉ ከሆነ መተማ ወረዳ፥ የድንበሩን ከተማ ከሆነ መተማ ዮሐንስ በል። ጠያቂው የትኛውን እንዳለ ካልታወቀ ጠይቀው።»